ጨነቅ ላይ የተመለሰው መንገደኛ፦ የአንድ የከፍታ ሕመም የጉዳይ ጥናት

ከጥቂት ዓመታት በፊት በኅዳር ወር፣ ራስ ደጀንን ለመውጣት ከጎንደር ከተነሱ አምስት ጓደኛሞች አንዱ ጨነቅ ካምፕ ላይ ሚዛኑን መጠበቅ አቃተውና በሌሊት ወደ ደባርቅ ሆስፒታል ተወሰደ። በማግስቱ ጠዋት በእግሩ ቆሞ ነበር፤ በቀናት ውስጥም ወደ ሥራው ተመለሰ። ነገሩ በደህና ማለቁ ጥሩ ነው። ሊጠና የሚገባው ግን አካሄዱ ነው። ሕመሙ ከሃያ ሰዓት በላይ በዘጠኝ ሰዎች ዓይን ፊት አብሯቸው ተጉዟል። ከዘጠኙ ቀድሞ የነቃው ደግሞ ስለ እንግዶቹ ጤና ማንም የማይጠይቀው ሰው፣ ባለበቅሎው ነበር። የማንንም ስም አናነሳም፤ ቦታው፣ ሰዓቱና ውሳኔው ይበቃል።

ዕቅዱና የተለወጠው ነገር

ከጎንደር ተነስቶ ወደ ስሜን ተራሮች የሚሄድ ሁሉ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደባርቅ ይቆማል። የብሔራዊ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት እዚያ ነው። የመግቢያው ይከፈላል፣ መሣሪያ የያዘ ስካውት ይመደባል፣ አስጎብኚ፣ አብሳይና በቅሎም እዚያው ይያዛል። የተለመደው ጉዞ እንዲህ ይሄዳል፦ የመጀመሪያው ሌሊት ሳንቃበር (3,250 ሜትር)፣ ሁለተኛው ግጭ (3,600)፣ ሦስተኛው በእሜት ጎጎና በእናትዬ በኩል ዞሮ ጨነቅ (3,620)። አራተኛው ቀን ከባድ ነው። በቧሂት በኩል እስከ 4,200 ሜትር ወጥቶ፣ በጭሮ ለባ መንደር አድርጎ እስከ መሸሃ ወንዝ፣ ማለትም እስከ 2,800 ሜትር ወርዶ፣ እንደገና ወደ አምቢቆ (3,200) መውጣትን ይጠይቃል። ከአምቢቆ ሌሊት ተነስተው ራስ ደጀንን ይወጣሉ፤ ከፍታው 4,533 ሜትር ነው፣ በድሮ የትምህርት መጻሕፍት 4,620 የተባለው።

ይህ አካሄድ ዝም ብሎ የተለመደ አይደለም። ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያን ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር በተራራ ሕክምና የታወቀ ደንብ ነው። ሳንቃበር፣ ግጭ፣ ጨነቅ የሚለው ቅደም ተከተል ደንቡን ይጠብቃል። በሦስተኛው ቀን ሰው 4,070 ሜትር ላይ ያለውን እናትዬን ረግጦ ለማደር ከ400 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል፤ ሰውነትን ለማላመድ ከዚህ የተሻለ የለም። በአራተኛው ቀን ደግሞ የሚያድረው ከጨነቅም ዝቅ ብሎ ነው።

የዚህ ቡድን ዕቅድም መጀመሪያ ይኸው ነበር። አራቱ ጎንደር ከተማ የሚኖሩ ናቸው። አምስተኛው አብሯቸው ያደገ፣ አሁን ግን መተማ ዮሐንስ በሰሊጥ ንግድ የሚሠራ የሃያ ስምንት ዓመት ወጣት ነው። ከአምስቱ በጉልበት የሚበልጠው እሱ ነበር። ሥራው አንድ ቀን አዘገየውና ረቡዕ ማታ ጎንደር ገባ። የጠፋውን ቀን ለማካካስ የሳንቃበሩን አዳር ሰረዙት። ሐሙስ ሌሊት 11 ሰዓት ከጎንደር ተነስተው፣ ደባርቅ ጉዳያቸውን ጨርሰው፣ በመኪና በቀጥታ ሳንቃበር ደረሱ። ከቀትር ጀምረው እየተራመዱ ፀሐይ ሳትጠልቅ ግጭ ገቡ።

ለአራቱ ጎንደሬዎች ለውጡ ብዙም አልነበረም፤ ዘወትር የሚኖሩት 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው። መተማ ግን ከ1,000 ሜትር በታች ያለ ቆላ ነው። ወጣቱ ረቡዕ ረፋድ ቆላ ነበር፣ ሐሙስ ማታ 3,600 ሜትር ላይ ፍራሽ አነጠፈ። በመካከል ያለችው አንድ የጎንደር ሌሊት ብቻ ናት። ዕቅዱ ሲለወጥ አስጎብኚው «ሁላችሁም ከጎንደር ናችሁ አይደል?» ብሎ ጠየቀ፤ «አዎ» ተባለ። መልሱ ውሸት አልነበረም። መጠየቅ የነበረበት ግን «ያለፈውን አንድ ሳምንት የት አደራችሁ?» ተብሎ ነው።

ስለ ጭነቱም አንድ ነገር ይነገር፣ በኋላ ይመጣልና። አንዲት በቅሎ በዚህ መንገድ የምትሸከመው ከ40 እስከ 45 ኪሎ ነው። የአምስቱ ሻንጣ 60 ኪሎ፣ ድንኳንና ፍራሽ 20፣ እህሉ፣ ላምባውና የማብሰያ ዕቃው 50፤ ድምሩ 130 ይሆናል። ሦስት በቅሎ በሁለት ባለበቅሎ ተያዘ፣ ሦስቱም ሞልተው ተጫኑ። የታመመ ሰው የሚቀመጥባት ትርፍ በቅሎ አልነበረችም።

ግጭ ያደረ ራስ ምታት

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የጅንባር ፏፏቴ ወደ ገደሉ የሚወረወርበትን አይተው ሲቀጥሉ ወጣቱ ከሁሉም ፊት ነበር። ዳገቱን ያለ ዕረፍት ወጣው። ሰው ጠንካራ ስለሆነ ከፍታ አይነካውም የሚባለው ስሕተት ነው። ጉልበት የሚጠቅመው ለዳገቱ እንጂ ለመላመዱ አይደለም። እንዲያውም ብርቱ ሰው ቶሎ ስለሚወጣና ሰውነቱን አብዝቶ ስለሚያደክም የባሰ ሊጋለጥ ይችላል።

በዚህ ከፍታ በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ያው 21 በመቶ ነው፤ የሚወርደው የአየሩ ግፊት ነው። 3,600 ሜትር ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ወለል ከሚገባው ሁለት ሦስተኛው ገደማ ነው። ሰውነት ቀስ እያለ አተነፋፈሱንና የደሙን ጠባይ ያስተካክላል፤ ለዚህ ግን ቀናት ይፈልጋል። ጊዜ ሲያጣ ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ከደረሱ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ውስጥ ይጀምራል፦ ራስ ምታት፣ ከሱም ጋር የምግብ ፍላጎት ማጣት ወይም ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ ማዞር።

ምሽት 2 ሰዓት ላይ ራሱን ያመው ጀመር። እራቱን ገፋ አደረገው። «ምች ነው የመታኝ፣ ቀትር ላይ በልቼ ፀሐይ ላይ ስለተነሳሁ» አለ፣ ሁሉም ተስማማ። ጎንደር ውስጥ ያደገ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ድንገተኛ ራስ ምታትና ትኩሳት ሲመጣ መጀመሪያ የሚታሰበው ምች ነው፣ መድኃኒቱም ዳማከሴ ነው። አንዷ ጓደኛቸው ከቤቷ ይዛ መጥታ ነበርና ጨምቃ አጠጣችው፣ ግንባሩንም አሸችው። ዳማከሴው አልጎዳውም። የጎዳው ለሕመሙ ስም ስለተገኘለት ፍለጋው እዚያ ላይ መቆሙ ነው። ከ2,500 ሜትር በላይ፣ ከቆላ በመጣ ሰው ላይ፣ በመጀመሪያው ቀን የሚነሳ ራስ ምታት ሌላ ምክንያት እስኪረጋገጥ ድረስ የከፍታ ሕመም ነው ተብሎ መያዝ አለበት። ምችም ይሁን ጉንፋን፣ ያ ሰው በማግስቱ ከፍ አይልም።

ከዚያ ለብርዱ ተብሎ አረቄ ተቀዳለት። በኅዳር የግጭ ሌሊት ውኃ የሚያረጋ ብርድ ስላለው ነገሩ ቢገባንም፣ አልኮልም ሆነ የእንቅልፍ መድኃኒት የሌሊት አተነፋፈስን ያዳክማል፤ ሰውነት አብዝቶ መተንፈስ ባለበት ሰዓት ላይ ነው የሚያደርገው። በመጨረሻ ሁለት ፓራሲታሞል ወስዶ ተኛ።

ግጭ ላይ ዛሬ በሌሊት የሚጠራ ጎረቤት የለም። የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ ተደርጓል። ይህ እርምጃ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ፓርክ፣ ከ1996 ጀምሮ ከቆየበት በአደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች መዝገብ በ2017 እንዲወጣ ካገዙት ነገሮች አንዱ ነው። ለሣሩ፣ ለአስታው ዛፍና ለዋልያው ዕረፍት ሆኗል። ለመንገደኛው ግን ድሮ በጨለማ «ኧረ ድረሱ» ብሎ ሰው የሚያስነሳበት ቦታ ላይ አሁን ያለው የራሱ ቡድን ብቻ ነው። የመኪናውም መንገድ ከካምፑ ራቅ ብሎ፣ በእግር ተወርዶ የሚገኝ ነው።

ጠዋት ራስ ምታቱ ቀለል አለው። ፓራሲታሞል ስሜቱን ያበርዳል፣ ሥሩን አይነካም። ቁርስ አልበላም፤ ይህም ማንንም አላስደነገጠም፤ ቀኑ ዓርብ ነዋ። ከአምስቱ ሦስቱ እስከ ቀትር የሚጾሙ ናቸው፣ እሱም «ጾሜን ነኝ» አለ። ውኃም አልጠጣም። በጉዳዩ ውስጥ ትልቁ መደበቂያ ይህ ነበር ብለን እናምናለን። የምግብ ፍላጎት መጥፋት ከምልክቶቹ ዋነኛው ሲሆን፣ ረቡዕና ዓርብ ሲሆን ወይም የነቢያት ጾም ሲገባ ምልክቱ ከዓይን ይሰወራል። በዚህ መንገድ አንድ ሰው በቀን ከ3 እስከ 4 ሊትር ውኃ ያስፈልገዋል። ጾመኛ ለሆነ ቡድን አስጎብኚው በሚጾምበት ቀን ረጅሙን መንገድ ባያደርገው ጥሩ ነው። ማድረጉ ግድ ከሆነም ማታ አብዝተው እንዲጠጡ፣ ጠዋት ደግሞ «በላህ ወይ?» ሳይሆን «ባትጾም ኖሮ መብላት ያሰኝህ ነበር ወይ?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

ከእናትዬ ቁልቁል

እሜት ጎጎ (3,926 ሜትር) ላይ ፎቶ ተነሱ። እናትዬን ሲሻገሩ ወጣቱ ከኋላ ቀርቶ ነበር። ትናንት ከሁሉም ቀድሞ የሄደ ሰው ዛሬ ከሁሉም ኋላ ሲቀር ይህ ብቻውን ማንቂያ ነው፤ ጓደኞቹ ግን በጾሙ አሳበቡት። አስጎብኚው ከፊት ነው፣ ገደሉን እያሳየ ያስረዳል፤ ስካውቱም ከፊተኞቹ ጋር።

በቅሎዎቹ ካምፕ ተነቅሎና ተጭኖ ስለሚነሱ ዘግይተው ይመጣሉ። ወደ ጨነቅ በሚወርደው መንገድ ላይ ደረሱባቸው፣ ስለዚህ ወደ አንድ ሰዓት ያህል ከወጣቱ ኋላ ኋላ የተራመደው ከባለበቅሎዎቹ አንዱ ነው። የባለበቅሎ ሥራው እግር ማየት ነው። ቀኑን ሙሉ የሚመለከተው የበቅሎዋን አረጋገጥ ነው፤ ከሸክሙ በፊት እግሯ ይናገራልና። ያየው እንዲህ ነበር። ወጣቱ እግሮቹን አራርቆ ይረግጣል። ድንጋያማው ቁልቁል ላይ ሳይሆን ሜዳው ሣር ላይ ይደናቀፋል። የቀኝ ጫማው ክር ተፈትቶ እየረገጠው ይሄዳል፣ ሦስት ጊዜ ሊወድቅ ሲል እንኳ ጎንበስ ብሎ አላየውም። መንገድ ዳር በግ የሚጠብቁ ልጆች «እንደምን ዋላችሁ» ሲሉት ዝም ብሎ አለፈ፤ ትናንት ያገኘውን እረኛ ሁሉ ሲያጫውት የዋለ ሰው ነው።

ባለበቅሎው ለወጣቱ ምንም አላለውም፤ ለጓደኞቹም፣ ለአስጎብኚውም። ጨነቅ ደርሰው ሸክም ሲያራግፍ፣ 11 ሰዓት ላይ፣ ለስካውቱ ነገረው፦ «አያ፣ ያ የመተማው ልጅ ደህና አይደለም። እግሩን እንደ ጠጣ ሰው ነው የሚጥለው።»

ነገሩ በዚህ ቅደም ተከተል መሄዱ የዚያ መንገድ ሥርዓት ነው። ባለበቅሎው ከአገሩ ሰው ከስካውቱ ጋር ይነጋገራል፣ ስካውቱ በዕድሜውም በሹመቱም ከአስጎብኚው ጋር፣ አስጎብኚው ከእንግዶቹ ጋር። እንግዳ ፊት ደፍሮ «ጓደኛህ ታሟል» ማለት ከባለበቅሎ አይጠበቅም፤ ተሳስቶ ቢገኝ የሚወቀሰውም እሱ ነው። ስካውቱ ወዲያው አልጮኸም። ሄዶ አጠገቡ ተቀመጠና «እስቲ ጫማህን እሰር፣ ትወድቃለህ» አለው። ወጣቱ ክሩን ያዘ፣ አጠላለፈ፣ ለቀቀ፣ እንደገና ያዘ። ቋጠሮው አልመጣለትም። ስካውቱ ተነስቶ አስጎብኚውን ጠራ።

አስጎብኚው ያደረገው ፈተና ማንም የሚችለው ነው። በዱላ መሬት ላይ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረ። የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት ጋር እያጋጠመ በመስመሩ ላይ አሥር እርምጃ ራሱ ሄደ፤ ከዚያ ጤነኛውን አንድ ጓደኛ አስኬደ፤ በመጨረሻ ወጣቱን። ጤነኛውን ማስኬዱ ብልህነት ነው፤ «ሁላችንም ደክሞናል» የሚለውን ምክንያት ያስቀራል። ወጣቱ በሦስተኛው እርምጃ ከመስመሩ ወጣ፣ በአምስተኛው የስካውቱን ትከሻ ያዘ። ከዚያም አስመለሰው።

እዚህ ላይ በሁለት ደረጃዎች መካከል ያለውን ልዩነት ማወቅ ግድ ይላል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ብቻ ሲሆን ሰውየው ባለበት ከፍታ ያርፋል፣ አይወጣም፣ በአንድ ቀን ካልተሻለው ይወርዳል። ሚዛን መሳት፣ መደናገር ወይም የጠባይ መለወጥ ሲታከልበት ግን አንጎል ማበጥ ጀምሯል ማለት ነው። ይህ በሰዓታት ውስጥ ወደ ራስ መሳት የሚያደርስና የሚገድል ነው። በዕረፍት ላይ እያሉ ትንፋሽ ማጠር፣ የማያቋርጥ ሳልና የከንፈር መጥቆር ሲታይ ደግሞ ሳንባ ላይ ውኃ እየተቋጠረ ነው። ሁለቱም አዳር አይሰጣቸውም።

ጨነቅ ላይ የቀረቡት ሦስት አሳቦች

ከጓደኞቹ አንዱ «መሽቷል፣ ብርድ ነው፣ ይተኛና ጠዋት እንይ» አለ። ደግነት ነው፣ ግን የከፋው አማራጭ ነው። ሕመሙ በእንቅልፍ ሰዓት ይብሳል፤ ተኝቶ ራሱን የሳተን ሰው ደክሞት ከተኛ ሰው የሚለይ የለም።

ሌላው ካርታ አወጣና አምቢቆ 3,200 ሜትር መሆኑን፣ መሸሃም 2,800 መሆኑን አሳየ፦ «ዝቅ ማለት ከሆነ ወደፊት ሄደን ዝቅ እንበል።» ይህ በወረቀት ላይ ትክክል የሚመስልና በመሬቱ ላይ ሞት የሆነ አሳብ ነው። ወደዚያ ዝቅታ ለመድረስ በመጀመሪያ 4,200 ሜትር መውጣት አለ። ተሳክቶ ቢደርሱ እንኳ ወደ ደባርቅ የሚመልሰው የመጡበት መንገድ ያንኑ ከፍታ ዳግመኛ ያሻግራል። ጭሮ ለባና አምቢቆ ገብስ የሚያርሱ፣ እንግዳ አክባሪ ሰዎች አገር ናቸው፤ ያላቸውን ያቀርባሉ። ኦክስጅን ግን የላቸውም። የስሜን ጉዞ ጠባዩ እንዲህ ነው፤ ከጨነቅ ወዲህ ታማሚን ማውረድ ቀላል ነው፣ ከጨነቅ ወዲያ ለመውረድ መጀመሪያ መውጣት ያስፈልጋል።

ሦስተኛው በመኪናው መንገድ ወደ ደባርቅ መመለስ ነው። ደባርቅ ከጨነቅ በ770 ሜትር ዝቅ ትላለች። ለእንዲህ ያለ ሕመም መውረድ የሚገባው ከ300 እስከ 1,000 ሜትር ስለሆነ በቂ ነው፣ ሆስፒታልም አላት። የጎደለው መኪና ነበር። የቡድኑ ሹፌር ከሦስት ቀን በኋላ እንዲመጣ ተነግሮት ተመልሷል። የስልክ ኔትወርክ በካምፑ አልያዘም።

ችግሩን የፈታው ስካውቱ ነው። ከጃናሞራ ገብስ ጭኖ የመጣ አንድ አይሱዙ ከካምፑ በላይ መንገድ ዳር አድሮ በማለዳ ሊነሳ እንደሆነ ያውቅ ነበር፤ ሹፌሩንም ያውቀዋል። ሄዶ ለመነው። ሹፌሩ በሌሊት ያን መንገድ መንዳት አይወድም፣ ማንም አይወድም፤ ጠባብ፣ ጠመዝማዛ፣ ገደል አፋፍ ላይ የሚሄድ ጥርጊያ ነው። ረዳቱ ከፊት በባትሪ ወርዶ ጥምዝምዙን እያየለት ሊሄድ ተስማማ። ምሽት 1 ሰዓት ተኩል ተነሱ።

አወራረዱም በደንብ የተያዘ ነበር። ወጣቱ ጋቢና ውስጥ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ፣ አልተጋደመም። ሁለት ጋቢ ተደረበለት፣ መስኮቱ ግን በጣት ስፋት ክፍት ቀረ። አብሮት የወረደው አንድ ጓደኛውና የደባርቅ ልጅ የሆነው አብሳይ ናቸው። አስጎብኚውና ስካውቱ ከሦስቱ ጋር ቀሩ፤ ይህ ክፍፍል ትክክል ነው፣ ለታማሚው የሚያስፈልገው ሆስፒታሉን የሚያውቅ ሰው ነበርና። ጓደኛው በየጥቂት ደቂቃው ስም፣ ቀን፣ ቦታ እየጠየቀ ያናግረው ነበር። መልሱ ከዘገየ ወይም ከተምታታ ለሐኪሙ የሚነገር ነገር ነው። አስጎብኚው ደግሞ በወረቀት ላይ አራት መስመር ጽፎ ሰጣቸው፦ ረቡዕ፣ ሐሙስና ዓርብ የት እንደነበረ፣ ራስ ምታቱ የጀመረበት ሰዓት፣ የወሰደው መድኃኒትና አረቄው፣ የመስመሩ ፈተና ውጤት። ተረኛ ሐኪም ምችን ከወባ፣ ወባን ከከፍታ ሕመም ለመለየት ሰዓት እንዳያጠፋ የሚያደርገው እንዲህ ያለ ወረቀት ነው፤ መተማ ወባ ያለበት አገር በመሆኑ በተለይ።

ምሽት 4 ሰዓት ላይ ደረሱ። ኦክስጅንና የአንጎልን እብጠት የሚቀንሰው ዴክሳሜታሶን ተሰጠው፤ መድኃኒቱ በዚህ ሕመም ላይ በመጀመሪያ 8 ሚሊግራም፣ ከዚያ በየ6 ሰዓቱ 4 ሚሊግራም ይሰጣል። የወባ ምርመራው ነጻ ወጣ። ጠዋት በኮሪደሩ መስመር ላይ ተረከዝና ጣት አጋጥሞ ሄደ፤ ሁለት ጊዜ ብቻ ወላወለ። ቅዳሜ ከሰዓት ጎንደር ነበር። ቀሪዎቹ ሦስት ጓደኞች ቅዳሜን ጨነቅ አርፈው ገደሉ ላይ ዋልያ ሲያዩ ዋሉ፣ እሑድ ቧሂትን (4,430 ሜትር) ወጥተው ተመለሱ፣ ሰኞ ወረዱ። ራስ ደጀንን ተዉት። አብሳይና ጓደኛ ጎድሎ፣ ልብ ሳይረጋ አምቢቆ አለመሻገራቸውን እንደግፋለን።

ምን በተለየ መደረግ ነበረበት

የመጀመሪያው ግልጽ ነው። ከቆላ የሚመጣ ሰው ካለ፣ ሁሉም በእሱ ልክ ይሄዳሉ። መተማ፣ ሁመራ ወይም ጅቡቲ ከርሞ የመጣ ሰው ጎንደር ሁለት ሌሊት፣ ደባርቅ አንድ፣ ሳንቃበር አንድ አድሮ ነው ግጭ መግባት ያለበት። አንድ ቀን ከጠፋ የሚሰረዘው ከጫፉ እንጂ ከግርጌው አይደለም፤ ራስ ደጀንን ትቶ ቧሂት ላይ መጨረስ ይቻላል። ለማላመድ የሚረዳው አሴታዞላሚድ (125 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ፣ ከመውጣት አንድ ቀን በፊት ተጀምሮ) በሐኪም ትእዛዝ ሊወሰድ ይችላል። የሰልፋ መድኃኒት የማይስማማው ሰው ግን አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር። መድኃኒቱ ለአዳሩ ምትክ አይሆንም።

ስለ ምግቡ ጥቂት። 3,600 ሜትር ላይ ውኃ የሚፈላው 88 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ባቄላና ሽምብራ በተራ ድስት አይበስልም፤ ላምባ ያስጨርሳል፣ ሆድም ያስነፋል። ፕሬሸር ድስት ከሌለ ሽሮ፣ በሶ፣ ድርቆሽና ምስር ክክ ይያዝ። የሚጠጣ ውኃ በዚህ ከፍታ መፍላት ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይፍላ። እንጨት መልቀም ክልክል ነው። በ2011 ዓ.ም ፓርኩ ላይ የተነሳውን ቃጠሎ ያስታወሰ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም። ስለዚህ ታማሚ የሚሞቀው በእሳት ሳይሆን በልብስና በትኩስ መጠጥ ነው፣ ላምባውም በዚያ ልክ ይሰላ።

አራተኛ በቅሎ፣ ባዶዋን፣ ይያዝ። ከጨነቅ ወዲያ ለሚሻገር ቡድን ቅንጦት አይደለችም።

የሚበልጠው ግን የክፍያው ነገር ነው። ባለበቅሎና አብሳይ የሚከፈላቸው በቀን ነው፣ ባለበቅሎው ባዶውን የሚመለስበት ቀንም ይታሰብለታል። ጉዞው በመካከል ቢቋረጥ የቀረው ቀን ይከፈላል ወይስ አይከፈልም የሚለው ደባርቅ ላይ ካልተነገረ፣ ሕመም ያየ ባለበቅሎ አፉን ለመክፈት የራሱን የሦስት ቀን ገቢ መክሰር ይኖርበታል። ይህ ባለበቅሎ ያን ሳያውቅ ተናገረ፤ የሚመሰገን ነው፣ ግን በምስጋና ላይ የቆመ ሥርዓት አይዘልቅም። ሦስቱ ጓደኞች ለሁሉም የታሰበውን ቀን ሙሉ ከፈሉ። ውሉ ከመነሻው፣ በሁሉም ፊት፣ «በሕመም ምክንያት ብንመለስ የተስማማነው ቀን ሙሉ ይከፈላል» ቢል ኖሮ፣ ነገሩ ጨነቅ ላይ ሸክም ሲራገፍ ሳይሆን ከእናትዬ ሥር ይነሳ ነበር ብለን እናስባለን። በሌላም በኩል አስጎብኚው መጀመሪያ ቀን ባለበቅሎዎቹንና ስካውቱን ከእንግዶቹ ጋር አስተዋውቆ «እግሩ የከዳ፣ ዝም ያለ፣ ወደ ኋላ የቀረ ሰው ካያችሁ ለእኔ በቀጥታ ንገሩኝ፣ ብትሳሳቱም አልቆጣም» ማለት አለበት። ቡና እየተጠጣ በአምስት ደቂቃ ያልቃል። ከኋላ የሚሄድ ሰው ከፊት የሚሄደው የማያየውን ያያል፤ ያ ሰው ደግሞ በዚህ መንገድ ሁልጊዜ ባለበቅሎው ነው።

ጠዋት ጠዋት የሚደረገው ምርመራም ጊዜው ወሳኝ ነው። አስጎብኚው እያንዳንዱን ሰው ለብቻው ራስ ምታት፣ የምግብ ፍላጎት፣ ማዞርና ድካም ይጠይቅ፤ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይስጥ። ራስ ምታት ኖሮ ድምሩ 3 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሰውየው የከፍታ ሕመም ይዞታል፣ በዚያ ቀን አይወጣም። መስመሩንም አስኬዶ ይይ። ይህ ሁሉ ድንኳኑ ሳይነቀል፣ በቅሎዎቹ ገና ሣር ላይ እያሉ ያልቅ። ሦስት በቅሎ ተጭኖ፣ ጠፍሩ ጠብቆ፣ ሁሉም ዱላውን ይዞ ከቆመ በኋላ «እኔ ትንሽ ያመኛል» የሚል ሰው አይገኝም።